ሐሙስ ገበያና የክትባት ቀን፦ በጅማ የአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት አገልግሎት ግምገማ

በጅማ ከተማ ካሉት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ የእርግዝና ክትትል አድርጌ፣ ሁለተኛ ልጄን ባለፈው ሐምሌ እዚያው ወልጄ፣ የአሥራ አራተኛ ሳምንት ክትባቱንም አስከትቤ ስለ ጨረስኩ፣ ስለ አገልግሎቱ የማውቀውን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም፤ የምተቸው ነገር በዚያ ግቢ ብቻ ያለ ነው ብዬ አላምንም፣ የማመሰግናቸው ሠራተኞችም በሌላው ጥፋት እንዲወቀሱ አልፈልግም። አገልግሎቱን በራሴ ብቻ ለክቼው ቢሆን ኖሮ «ንጹሕ ነው፣ ነፃ ነው፣ ሂዱ» ብዬ በአንድ መስመር በጨረስኩት ነበር። ነገር ግን ከእኔ አንድ ወር ዘግይታ ጎረቤቴም እዚያው ወለደች፤ በአንድ በር ለገባን ሁለት ሴቶች አገልግሎቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴም የወር ደመወዝተኛ ነው። ጎረቤቴ ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር መጥታ ጅማ የተቀመጠች፣ በቡና መጋዘን በቀን ሒሳብ ቡና የምትለቅም፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ባለቤቷ በቡና ወራት ጆንያ ይሸከማል፤ ክረምት ሲገባ ያገኘውን ይሠራል፣ ካላገኘም ቤት ይውላል። ከዚህኛው በፊት ሦስት ወልዳለች፤ ያሏት ሁለት ናቸው።

ከሚመሰገነው ልጀምር። የማዋለጃ ክፍሉ በተረኛ አዋላጅ ነርሶች ሌሊትም ሲሠራ አይቻለሁ። ልጄ እንደ ተወለደ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ በቀጥታ ደረቴ ላይ ተደርጎልኛል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ ሲስተሯ አጠገቤ ቆማ ረድታኛለች፤ የዓይን ቅባትና የቫይታሚን ኬ መርፌም ሳልጠይቅ ተሰጥቶታል። ጠዋት ላይ ለወለዱት ሁሉ ገንፎ ተሠርቶ ቀረበ። ገንፎው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ጎረቤቴ ጤና ጣቢያ ለመውለድ እሺ ያለችው በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ «እዚህም እንደ ቤታችሁ ገንፎ ትበላላችሁ» ስለ ተባለች እንደሆነ በኋላ ነግራኛለች። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያም በግቢው አለ፤ አልጋዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ነገር ግን ንጹሕ ናቸው።

ወደ ክፍያው ስንመጣ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ተቋማት በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው፤ በእርግጥም ካሸር ጋ አንድ ብር አልከፈልኩም። ነገር ግን «ነፃ» የሚለው ቃል የሚጀምረው ከግቢው በር ወዲህ ነው። በክትትሉ ወቅት የአልትራሳውንድ መሣሪያው ተበላሽቷል ተብለን ወደ ግል ክሊኒክ ተላክን፤ የአይረን እንክብልም ለሁለት ወር ያህል ስላልነበረ «ከውጭ ግዙ» ተባልን። እኔ በዚያው ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ገዛሁ። ጎረቤቴ አልገዛችም፤ አለመግዛቷንም ለነርሷ አልነገረችም፤ ነርሷም አልጠየቀቻትም። ምጧ በመጣ ሌሊት ደግሞ አምቡላንስ ብንደውል ሌላ ወረዳ ሄዷል ስለ ተባለ ባጃጅ በኮንትራት ያዝን፤ ሾፌሩ የጠየቀው ሒሳብ የሦስት ቀን ገቢዋን ይበልጥ ነበር። በዚህ ላይ የአስታማሚው ምግብ፣ የልጁ ልብስ፣ ሳሙናውና ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት አሉ። ደረሰኝ የማይቆረጥላቸው እነዚህ ወጪዎች እኔን አላሳሰቡኝም፤ ለእርሷ ግን መሄድና አለመሄድን የሚወስኑ ነበሩ።

ይህን የምለው ለማዘን ብቻ አይደለም፤ የሕፃናት ሞት የሚቀንሰውም የሚበረክተውም በዚህ ልዩነት ውስጥ ስለሆነ ነው። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ ቁጥሩ በ2005 ወደ 77፣ በ2011 ወደ 59፣ በ2016 ወደ 48 ወርዷል። ይህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የታየ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከ48ቱ 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ማለትም ከአሥር ስድስቱ አንድ ወር አይሞላቸውም። ለእነዚህ ሕፃናት ሞት ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ሲሆኑ፣ የሚያድናቸውም የሠለጠነ እጅና ፈጣን ሕክምና ነው። ከአንድ ወር በኋላ የሚመጣው ሞት ግን በአብዛኛው የተቅማጥና የሳንባ ምች ነው፤ በዚያ ላይ የቤቱ ውኃ፣ የመጸዳጃው ሁኔታ፣ የእናትየው ምግብና የክትባቱ መሟላት ይፈርዳሉ። ገቢ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ የእናት ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በሁለተኛው ላይ ይጎላል።

የእናት ትምህርት ለብቻው ምን ያህል ይመዝናል የሚለውን ጥያቄ ቀድመው ካነሱት አንዱ አውስትራሊያዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ ጆን ካልድዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በናይጄሪያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ የእናትየው ትምህርት ከቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ተለይቶ ሲታይም የልጆችን በሕይወት መቆየት እንደሚጨምር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና 175 አገሮችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ከ1970 እስከ 2009 ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ሞት ላይ ከታየው ቅናሽ ግማሽ ያህሉ ከሴቶች ትምህርት መስፋፋት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገመተ። ከዚያ በኋላ በ2021 የወጣ ሰፊ ትንተና እናት የተማረችው እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ከአምስት ዓመት በታች የመሞትን ዕድል በ3 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ የአባት ትምህርት ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አስልቷል። አባቶች ይህን ግማሽ ንቀው እንዳያልፉት፤ በእኛ ሰፈር ባጃጅ ይጠራ ወይም አይጠራ የሚለውን የሚወስነው አባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ራሴን ጠይቄ ነበር፦ ትምህርት የሚያድነው በምን በኩል ነው? እኔ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ ስለ ሕፃን ትንፋሽም ሆነ ስለ እትብት የተማርኩት ነገር የለም። መልሱን ያገኘሁት በክትትል ክፍሉ ወረፋ ላይ ነው። ያችው ነርስ፣ በዚያው ጠዋት፣ ለእኔ «እርስዎ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ስትል ለጎረቤቴ «አንቺ፣ ተነሺ፣ ካርድሽን አምጪ» ትል ነበር። እኔ «ይህ እንክብል ለምንድን ነው? ባልወስደውስ?» ብዬ ስጠይቅ ተብራራልኝ፤ እርሷ ግን ስላልገባት ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እንደ ገባትም ተቆጠረ። ትምህርት ቤት ለእኔ የሰጠኝ ዋናው ነገር ነጭ ጋውን የለበሰን ሰው ሳልፈራ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» ማለት መቻሌ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ዘግይቶ ማግባቱ፣ ልጅ አራርቆ መውለዱ፣ በገዛ ገንዘብ ማዘዙ፣ ከዚህ ድፍረት ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ስለዚህ የተማረች እናት ልጇን የምታድነው ስለ ተማረች ብቻ ሳይሆን፣ ተቋሙ የተማረችን እናት ስለሚያዳምጥም ነው፤ ይህ ሁለተኛው ደግሞ ጤና ጣቢያው በነገው ዕለት ሊያስተካክለው የሚችል ጉዳይ ነው። «እርስዎ» ለማለት በጀት አያስፈልግም።

የአገልግሎቱ ደካማ ቦታ የመሸኛው ምክር ነው። ሁለታችንም ከወለድን በኋላ አንድ ቀን ያህል ቆይተን ስንወጣ፣ ለአዲስ የተወለደ ሕፃን አደገኛ የሚባሉት ምልክቶች ተነግረውናል፦ ጡት መተው፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ማተኮስ ወይም ሰውነት መቀዝቀዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ የእትብቱ ዙሪያ መቅላት፣ ቢጫ መሆን። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ግን የተነገረን ቆመን፣ ዕቃችንን አንጠልጥለን፣ በፈጣን አማርኛ ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ የገበያ አማርኛ እንጂ የሐኪም አማርኛ የላትም፣ አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው። ነርሷ አፋን ኦሮሞ አሳምራ ትናገራለች፤ ቸኩላ ነው እንጂ። በሥዕል የተዘጋጀው የቤተሰብ ጤና መመሪያ መጽሐፍም በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አይቻለሁ፤ ለእኔ ተሰጠኝ፣ «ማንበብ አትችልም» በሚል ይመስለኛል ለእርሷ አልተሰጣትም። ሥዕሉ የተሣለው ግን ማንበብ ለማይችለው ሰው ነው።

ልጇ በአራተኛው ቀን ጡት ተወ። አማቷ አይተው «እንጥሉ ወርዷል» አሉ፤ እንጥል የሚቆርጡ ሴትዮ እንዲጠሩም ተላከ። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ በቤቱ የቡና ገንዘብ የለም፣ ሰውዬው ሥራ የለውም፣ የባጃጁ ዕዳ ገና አልተከፈለም። እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ጠዋት እሳት ልትጭር የመጣች ትልቋ ልጇ ስታወራ ነው። የጤና ባለሙያዎች «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ነገር አለ፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። ሁለቱ መዘግየቶች በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ በልተዋል። ጤና ጣቢያው ግን፣ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል፣ በሦስተኛው በኩል አላዘገየንም። ሕፃኑ እንደ ታየ ወረፋ ሳይጠብቅ ገባ፤ የደም ኢንፌክሽን ሳይሆን አይቀርም ብለው የመጀመሪያዎቹን የአንቲባዮቲክ መርፌዎች ወጉት፤ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርገው አሞቁትና ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ላኩት። በዚያን ቀን አምቡላንሱ ነበር። ሕፃኑ ድኖ ተመለሰ።

አሁን ወደ ክትባት ክፍሉ ልምጣ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ሥርዓት ያለው ነው፤ መርሐ ግብሩ በግድግዳው ተለጥፏል፣ ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ወረቀቱም በየቀኑ ይሞላል። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጡትን መርፌዎችና ጠብታዎች ልጄ ሳይጓደልበት አግኝቷል። ችግሩ ሕፃን እንደ ተወለደ በሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባት፣ በቢሲጂ ላይ ነው። የቢሲጂ ብልቃጥ ለ20 ሕፃናት የሚበቃ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የቀረው ይደፋል። ስለዚህ ክፍሉ ለሁለት ለሦስት ሕፃን ብሎ ብልቃጥ መክፈት አይፈልግም፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሕፃናት ሲጠራቀሙ ይከፍታል። የኩፍኝ ክትባትም ተበጥብጦ የሚሰጥ በመሆኑ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። እንደ ሒሳብ መምህርት የቁጠባው ስሌት ይገባኛል፤ ለአንድ ሕፃን ተብሎ አሥራ ዘጠኝ ክትባት መድፋት ያሳዝናል።

ነገር ግን ስሌቱ አንድ ወጪ ዘሏል። የጎረቤቴ ልጅ ታሞ ሪፈር ስለ ተጻፈለት ቢሲጂ ሳይወስድ ቀርቶ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት ላይ፣ ስትሄድ ሌሎቹን ሰጥተው «ቢሲጂ ማክሰኞ ነው» አሏት። ማክሰኞ ሄደች፤ የመጡት ሕፃናት አራት ብቻ ስለ ነበሩ «ለሚቀጥለው ማክሰኞ» ተባለች። የቡና ለቀማ በሚጀምርበት ወር ከመጋዘን የሚቀር ሰው የዕለቱን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የነገውን ቦታም ሊያጣ ይችላል። ጤና ጣቢያው ጥቂት ብልቃጦችን ሲያድን ወጪው ወደ እርሷ መቀነት ተዛወረ። ከሁለት ማክሰኞ በኋላ የማትመለስ እናት «ግንዛቤ የላትም» ተብላ በሪፖርት ትገባለች።

መፍትሔው ከዚያው ከጅማ የሚገኝ ይመስለኛል። ሐሙስ በከተማዋ የሂርማታ ገበያ ቀን ነው። ከዙሪያው ወረዳዎች፣ ከሰቃ፣ ከማና፣ ከቀርሳና ከዴዶ ሴቶች ሕፃናቸውን አዝለው፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን፣ ጎመኑን ይዘው ከተማ የሚገቡበት ቀን ነው፤ የከተማዋም ሴት ለሳምንቱ የምትሸምተው በዚሁ ቀን ነው። ብልቃጡ ሐሙስ ቢከፈት ሃያ ሕፃን ከቀትር በፊት ይሞላል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚያች አንዲት መርፌ ብላ ከሥራ የምትቀር እናትም አትኖርም። በሰፈራችን የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይህን ከማንም በፊት ያወቀች ይመስለኛል። ጎረቤቴ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ማንበብ እንደማትችል ስታይ፣ «ከአራት ሐሙስ በኋላ ባለው ማግሥት» ብላ ነገረቻት፤ ጎረቤቴም አንድ ቀን አላሳለፈችም። ይህች ባለሙያ ለእኔ የዚህ ሁሉ አገልግሎት ምርጧ ክፍል ናት።

የጤና ኤክስቴንሽኑ ፕሮግራም በገጠር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት አድርጎ የመደበ ነበር። የትምህርትና የገቢ ጥያቄ በአንድ ትውልድ እንደማይፈታ ለሚያስቡ ሁሉ ይህ ጥሩ መልስ ነው፤ እናቲቱ ባትማር የተማረች ጎረቤት ቤቷ ድረስ ትመጣላታለች። በዓለም ላይም ቢሆን ገቢ ብቻውን ዕጣ እንዳልሆነ የህንዷ ኬረላና ስሪላንካ በገቢያቸው ዝቅተኛ በነበሩበት ዘመን የሕፃናትን ሞት በእጅጉ ዝቅ በማድረግ አሳይተዋል። ያን ያደረጉት ሴት ልጆችን በማስተማርና ለቤት ቅርብ የሆነ ሕክምና በማዳረስ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2011 ከጀመሩት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው የጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ እንደ ነበረም ላስታውስ። ጎረቤቴ መድን የላትም። መዋጮው የሚሰበሰብበት ጊዜ ከቡና ገንዘብ ጋር ይገጥም እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አብሬያት ቀበሌ እሄዳለሁ አልኳት።

ጅማ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የአሁኑ ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በነበረበት ጊዜ፣ ተመራማሪዎቹ በ1985 ዓ.ም. የተወለዱ ሕፃናትን አንደኛ ዓመታቸውን እስኪደፍኑ ድረስ በየቤታቸው እየሄዱ ተከታትለዋል። ተማሪዎቹም እስከ ዛሬ በየቀበሌው ለማኅበረሰብ ተኮር ልምምድ ይወጣሉ፤ በእኛም ግቢ መጠይቅ ይዘው ሲያንኳኩ አውቃቸዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ዕውቀት ባለበት ከተማ የክትባት ቀንን ከገበያ ቀን ጋር ማስማማት ትልቅ ምርምር የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ለሚሄዱ እናቶች፦ ካርድ ክፍሉ ጠዋት በጣም ይጨናነቃል፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ወረፋው ይቀላል። ለወሊድ ስትሄዱ ነጠላ፣ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ፣ የንጽሕና መጠበቂያ ጨርቅና የሚጠጣ ውኃ ያዙ፤ ቀሪው እዚያ አለ። ከመውጣታችሁ በፊት በሥዕል የተዘጋጀውን መጽሐፍ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም። ጓደኛ ወይም ጎረቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ነው የምጽፈው።

የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ከካርድ ክፍሉ በስተግራ ተሰቅሏል፤ ወረቀትና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አጠገቡ አለ። ባለፈው ሳምንት ከጎረቤቴ ጋር በአጠገቡ ስናልፍ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንግዲያው ጻፊልኝ» አለች፤ እኔም እርሷ እንዳለችው፣ ክትባቱ ሐሙስ ይሁንልን ብዬ ጽፌ፣ ስሟን ከሥር አድርጌ ከተትኩላት።